ካርዱ የመጣውን ብቻ ያሳያል፦ ስለ ስኳር ሕሙማን የኮምፒውተር መዝገብ ለቀረበ ትችት ምላሽ

ሰሞኑን በጎጃም የጤና ባለሙያዎች ዘንድ ሲነበብና ሲያከራክር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የስኳር ሕሙማንን ክትትል ወደ ኮምፒውተር መዝገብ ማዛወር ለአካባቢያችን ጊዜው ያልደረሰ ወጪ ነው ይላሉ። ስድስት መከራከሪያ ያቀርባሉ፦ የወረቀት ካርዱ በቂ ነው፤ መብራትና ኔትወርክ አስተማማኝ አይደለም፤ የሦስት ወር የስኳር መጠን የሚያሳየው ምርመራ፣ ኤችቢኤዋንሲ፣ በሌለበት የሚመዘገብ ቁም ነገር የለም፤ ባለሙያው ታካሚውን ትቶ ስክሪን ያያል፤ የታካሚ ምስጢር ይወጣል፤ ጥቅሙ ታየ የሚባለውም አሜሪካ ውስጥ ነው። ጸሐፊው ለሕሙማን አስበው እንደጻፉ አንጠራጠርም፤ ከነጥቦቻቸው አንዳንዶቹም እውነት አላቸው። ድምዳሜያቸው ግን ትክክል አይደለም። ተቀባይነት ካገኘ የሚጎዳው ከክሊኒኩ ርቆ ያለው ታካሚ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልንም።

ካርዱ በቂ ነው ከሚለው እንጀምር፤ የክርክሩ ሥር እዚህ ነው። ካርድ ከካርድ ክፍል የሚወጣው ታካሚው ሲመጣ ነው። ይጻፍበታል፣ ተመልሶ መደርደሪያው ላይ ይቀመጣል። ያልመጣ ሰው ካርድ አይወጣም፤ ማንም አያየውም። ስለዚህ ወረቀቱ ስለመጣው ሰው ብዙ ይናገራል፣ ስለቀረው ግን ምንም። በስኳር በሽታ ደግሞ ዋናው ሥጋት የቀረው ሰው ነው።

600 ሕሙማን ያሉት አንድ የስኳር ክሊኒክ እንውሰድ፤ ቀጠሮው በየሁለት ወሩ ይሁን። በወር 300 ሰው ይጠበቃል። ክሊኒኩ በሳምንት ሁለት ቀን ከሠራ በቀን ወደ 35 ሰው ማለት ነው። በዚህ ሳምንት ከተቀጠሩት ማን ቀረ? ይህን በካርድ ለመመለስ 600ውንም አውጥቶ የእያንዳንዱን የመጨረሻ ገጽ ማየት ያስፈልጋል። ለአንዱ አንድ ደቂቃ ብንሰጥ 10 ሰዓት ይፈጃል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ እንደ አዲስ መጀመር ነው። ማንም አያደርገውም፤ ሊያደርገውም አይችልም።

ጸሐፊው የክትትል መዝገብ አለ ይላሉ። አለ፤ ነገር ግን መዝገቡ ሰዎቹን የሚያሰልፈው ክትትል በጀመሩበት ቅደም ተከተል እንጂ በቀጠሯቸው አይደለም። ከዚህ የሚሻለው አንዳንድ ነርሶች በራሳቸው ተነሳሽነት የሚይዙት የቀጠሮ ደብተር ነው፤ የመጣውን ይሰርዛሉ፣ ያልተሰረዘው ቀሪ ነው። ይህን የሚያደርጉ ነርሶች ሊመሰገኑ ይገባል። ደብተሩ የሚበላሸው ታካሚው ሦስት ቀን ዘግይቶ ሲመጣ ነው። ያን ቀን በሌላ ገጽ ይጻፋል፤ በቀጠሮው ገጽ ላይ ስሙ ሳይሰረዝ ይቀራል። ሁለት ወር ሳይሞላ የመጣውና የቀረው ተደበላልቆ ደብተሩ የማይታመን ይሆናል።

የኢንሱሊኑን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ጠርሙስ 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት፣ በድምሩ 1000 ዩኒት ይይዛል። በቀን 30 ዩኒት የሚወጋ ሰው በ33 ቀን ይጨርሰዋል፤ 40 ዩኒት የሚወጋው በ25 ቀን። ከቢቡኝ ወይም ከማቻከል ገጠር መጥቶ የ60 ቀን ቀጠሮ ተሰጥቶት አንድ ጠርሙስ ብቻ ይዞ የተመለሰ ሰው፣ ሁለተኛውን ወር ያለ መድኃኒት ያሳልፋል፤ ወይም መጠኑን እየቀነሰ ያዳርሰዋል። በወረቀት ሥራ ይህን ስህተት የሚያይ ሰው የለም፤ የቀን መጠኑ በሐኪሙ ካርድ፣ የወጣው ጠርሙስ በፋርማሲው መዝገብ፣ የቀጠሮው ቀን ታካሚው ኪስ ውስጥ ባለች ብጣሽ ወረቀት ላይ ነው ያለው። የኮምፒውተር መዝገብ ሦስቱን ቁጥሮች አንድ ገጽ ላይ ያመጣቸዋል። መድኃኒቱ ከቀጠሮው በፊት የሚያልቅ ከሆነ ታካሚው ከፋርማሲው መስኮት ሳይርቅ ማስጠንቀቂያ እንዲያሳይ ማድረግ ቀላል የማካፈል ስሌት ነው። ስሌቱ ላይ የተከፈተ ጠርሙስ እንደ አምራቹ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ብቻ የሚያገለግል መሆኑም መግባት አለበት።

ሌላው የኩላሊት ጉዳይ ነው። የ60 ዓመት ሰው ክሪያቲኒኑ፣ ማለትም ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጨምረው ቆሻሻ፣ ከሁለት ዓመት በፊት 0.9፣ አምና 1.3፣ ዘንድሮ 1.9 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆነ እንበል። በካርዱ ውስጥ ሦስቱ ውጤቶች በሦስት የተለያዩ የላብራቶሪ ወረቀቶች ላይ ናቸው፤ አንዱ ወልቆ ወድቆ ሊሆንም ይችላል። ሐኪሙ የሚያየው የዛሬውን ብቻ ነው። ቁጥሮቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን የኩላሊቱ የማጣራት አቅም ከ98 ገደማ ወደ 63፣ ከዚያም ወደ 40 መውረዱ በግልጽ ይታያል። ከ45 በታች ሲሆን ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ኪኒን መጠን በግማሽ ይቀነሳል፤ ከ30 በታች ሲሆን ይቆማል። ሌላው የስኳር ኪኒን፣ ግሊቤንክላሚድም፣ ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ ስኳርን ከሚገባው በላይ ዝቅ ስለሚያደርግ መቀየር አለበት። ስሌቱን በእጅ የሚሠራ ባለሙያ በቀን 35 ሰው እያየ ጊዜ የለውም።

ስለ ዝርዝር ስናወራ ለአገራችን የሚሆን አንድ ምሳሌ እንጨምር። በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በፍልሰታ 15 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብም ሳይቀር እስከ 9 ሰዓት ምግብ የማይቀምስ ታካሚ ብዙ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ብትፈቅድም ብዙዎች ይጾማሉ፤ ለሐኪማቸውም አይናገሩም። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን እምብዛም አደገኛ ደረጃ ላይ አያወርድም። ጠዋት ግሊቤንክላሚድ ውጦ ወይም ኢንሱሊን ተወግቶ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ግን ራሱን ሊስት ይችላል። መዝገቡ ውስጥ «ይጾማሉ? እስከ ስንት ሰዓት?» የሚል ቦታ ካለ፣ በሐምሌ መጨረሻ አንድ ቁልፍ በመጫን ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ጿሚዎችን ስም ማውጣት ይቻላል። ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት ተጠርተው የመድኃኒታቸው ሰዓትና መጠን ይስተካከላል፤ አስፈላጊ ከሆነም ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲመክሩ ይነገራቸዋል። ከ600 ካርድ ይህን ዝርዝር ማውጣት አይታሰብም።

ሁለተኛው ነጥብ መብራትና ኔትወርክ ነው። ችግሩ እውነት ነው። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግን መዝገቡ ባሕር ማዶ ወይም አዲስ አበባ ባለ ሰርቨር (መረጃውን በሚይዝ ዋና ኮምፒውተር) ላይ ብቻ መንጠልጠል የለበትም የሚል ነው። ሰርቨሩ እዚያው ተቋሙ ውስጥ ይቀመጥ፤ ክፍሎቹ በግቢው ውስጥ ኔትወርክ ይገናኙ፤ ኢንተርኔት ሲገኝ መረጃው ወደ ላይ ይላክ፣ ሳይገኝ ሥራው ይቀጥል። ለዚህ ትልቅ ማሽን አያስፈልግም። 30 ዋት የሚወስድ ትንሽ ሰርቨር፣ 10 ዋት የሚወስድ ራውተርና እያንዳንዳቸው 10 ዋት የሚወስዱ አራት ታብሌቶች በድምሩ 80 ዋት ናቸው። አንድ ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ብንጠቀም፣ በኢንቨርተሩ የሚባክነውንም ብንቀንስ፣ ወደ 6 ሰዓት ያሠራል። ያም የክሊኒኩን ቀን ይሸፍናል።

የሚበላሸው ሌላ ቦታ ነው። ባትሪው እስኪደርቅ ድረስ ስለሚጠቀሙበት በዓመቱ ይሞታል። ወይም ከሰርቨሩ መስመር ላይ የውኃ ማፍያ ይሰካበታል። ባክአፑም (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ) በዚያው ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ ሰርቨሩ ሲቃጠል አብሮ ይጠፋል። ባክአፕ በየቀኑ በሁለት ተነቃይ ሃርድ ዲስኮች ላይ እያፈራረቁ መገልበጥ፣ አንዱን ሌላ ሕንፃ ውስጥ መቆለፍ፣ በወር አንድ ጊዜም በትክክል መከፈቱን መሞከር ያስፈልጋል። ሳይሞከር የተቀመጠ ባክአፕን አለ ብለን አንቆጥረውም። ሁሉም ነገር ሲጠፋ ደግሞ አንድ ገጽ የመጠባበቂያ ቅጽ ይኑር፤ በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ ይገባ።

ሦስተኛው፣ ኤችቢኤዋንሲ ከሌለ የሚመዘገብ የለም የሚለው ነው። ምርመራው በሁሉም ጤና ጣቢያ እንደማይገኝ ግልጽ ነው፤ እንዲዳረስም መጠየቅ አለብን። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት ኤችቢኤዋንሲ በማይገኝበት ቦታ የባዶ ሆድ ስኳር ከ126 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች መሆኑን የቁጥጥር መለኪያ አድርጎ መጠቀም እንደሚቻል ያስቀምጣል። ደም ማነስ ወይም ወባ ባለበት ሰው ላይ ኤችቢኤዋንሲም ራሱ ሊያሳስት ስለሚችል በጣት ደም ስኳር የሚለካውን የግሉኮሜትሩን ውጤት መናቅ አይገባም። ጥያቄው በአግባቡ ይመዘገባል ወይ የሚለው ነው። «160» ብሎ ብቻ መጻፍ ትርጉም የለውም፤ ከቁርስ በኋላ ከሆነ ደህና ነው፣ በባዶ ሆድ ከሆነ ግን መድኃኒቱ በቂ አይደለም። ስለዚህ ቅጹ «ባዶ ሆድ» ወይም «ከምግብ በኋላ» የሚለው ሳይመረጥ ቁጥሩን መቀበል የለበትም። መለኪያው ሚሊሞል የሚያሳይ ከሆነ 7.0 ማለት 126 ነው፤ በ18 ይባዛል። ብዙ ግሉኮሜትሮች ከ600 በላይ ሲሆን «ኃይ»፣ ከ20 በታች ሲሆን «ሎው» የሚል ምልክት ነው የሚያወጡት። ለእነዚህ የተለየ ቁልፍ ካልተሠራላቸው ባለሙያው ወይ «600» ብሎ ይገምታል ወይ ባዶ ይተወዋል። ባዶ ከተወው በጣም የታመመው ሰው እንዳልተለካ ሆኖ ይቆጠራል።

የበሽታው ዓይነት የሚመረጥበት ቦታም «1» እና «2» ብቻ ይዞ መምጣት የለበትም። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ከሲታ ሆነው ኢንሱሊን የሚፈልጉ፣ ከሁለቱም ጋር በደንብ የማይገጥሙ ወጣት ገበሬዎች እንዳሉ የጎንደር ሐኪሞች ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ዘግበዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም በ2025 እ.ኤ.አ. ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ «ዓይነት 5» ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። «ገና ያልተለየ» የሚል ምርጫ ይኑር፤ ባለሙያው ቅጹን ለመሙላት ሲል የማያውቀውን ምርመራ እንዲጽፍ አይገደድ።

አራተኛው፣ ባለሙያው ስክሪን ያያል የሚለው፣ ጸሐፊው በጣም ትክክል የሆኑበት ነጥብ ነው። ትክክል የሆኑበት ምክንያት ግን በአብዛኛው ድርብ ሥራ ነው። ነርሷ ካርዱ ላይ ትጽፋለች፣ ከዚያ መዝገቡ ላይ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ፣ በወሩ መጨረሻ ደግሞ ሪፖርት ቅጽ ላይ። በአራተኛው ጊዜ ቁጥሩ የተሳሳተ፣ ነርሷም የተማረረች ትሆናለች። ኮምፒውተር ገብቶ አንድም ወረቀት ካልወጣ መጀመሪያውኑ ባይገባ ይሻላል። የክትትል ገጹ በአንድ ጉብኝት ከስምንት ነገር በላይ መጠየቅ የለበትም፦ ክብደት፣ የደም ግፊት፣ ስኳርና የተለካበት ሁኔታ፣ መድኃኒትና መጠን፣ ስኳር ወርዶበት ያውቅ እንደሆነ፣ እግር፣ የተሰጠው መድኃኒት ብዛት፣ ቀጣይ ቀጠሮ። ክብደትና ግፊት ታካሚው ሐኪሙ ጋር ሳይደርስ ትሪያጅ (ታካሚዎች መጀመሪያ የሚለዩበት ክፍል) ላይ ይግቡ። ዓይን፣ ክሪያቲኒንና በ10 ግራም ሞኖፊላመንት (እግርን በሚነካ ቀጭን ክር) የሚደረገው የእግር ስሜት ምርመራ በዓመት አንድ ጊዜ ስለሆኑ ጊዜያቸው ሲደርስ ብቻ ይውጡ። ወርሃዊ ሪፖርቱን ማሽኑ ራሱ ይደምር።

«ያለፈውን ቅዳ» የሚለው ቁልፍ ደግሞ ለእግር ምርመራ ጨርሶ መዘጋት አለበት። አንድ ጊዜ «ደህና» የተባለ እግር ጫማው ሳይወልቅ ለሁለት ዓመት «ደህና» እየተባለ ሲገለበጥ ይቆያል፤ ቁስሉ የሚታየው ሲሸት ነው።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ ከስድስቱም ይበልጥ መዝገቡን የሚያፈርሰው ግን ስምና ቀን ነው። ኃይለማርያም የተባለ ታካሚ በመጀመሪያ ቀን «ኃይለማርያም»፣ በሁለተኛው «ሀይለማርያም»፣ ተረኛ ሠራተኛ ሲቀየር «ሃይለ ማሪያም» ተብሎ ቢገባ፣ ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ያደርገዋል። አንደኛው ክትትል እንዳቋረጠ ይቆጠራል፣ ሁለተኛው አዲስ ታካሚ ይሆናል፣ የኩላሊት ውጤቱ ሦስተኛው ላይ ይቀመጣል። መፍትሔው ፍለጋው ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን እንደ አንድ እንዲያይ ማድረግ፣ ከአባትና ከአያት ስም ጋር ቀበሌና ስልክ መጨመር፣ ያለውን ሰው በፋይዳ ቁጥሩ ማያያዝ ነው። ፋይዳ የሌለውን ግን ከበር መመለስ አይገባም።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ የእኛን አቆጣጠር አያውቅም፤ ጳጉሜን 3ን አይቀበልም። ሠራተኛው «2016» ብሎ በእኛ ቀን ያስገባውን ቀጠሮ ማሽኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ከወሰደው ሰውየው ለዓመታት የጠፋ ይሆናል። በ2008 ዓ.ም የተወለደ ልጅም ሰባትና ስምንት ዓመት ይጨመርበታል፤ ዓይነት 1 ስኳር ላለበት ሕፃን ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። ሠራተኛው በእኛ አቆጣጠር ብቻ ይጻፍ፣ ማሽኑ ከጀርባ ይቀይር፤ አቆጣጠሩን የሚመርጥበት ቦታ ፈጽሞ አይሰጠው። ይህን ማሟላት የማይችል ሻጭ ስርዓቱን ማቅረብ የለበትም።

ምስጢርን በተመለከተ አጭር እንናገር። ዛሬ ካርዱ በጠረጴዛ ላይ ተከምሮ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ስም ያነባል፤ ማን እንዳየው አይታወቅም። የኮምፒውተር መዝገብ ማን፣ መቼ፣ የማንን ፋይል እንደከፈተ ይይዛል። ይህ ጥቅም የሚጠፋው አንድ ፓስዎርድ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሁሉም ሲጠቀምበት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቋማት በዚህ ጉዳይ ተጠያቂ መሆናቸውን ማወቅ አለባቸው። በስልክ ሲደወልም ጥንቃቄ ያሻል። የተመዘገበው ቁጥር የልጅ ወይም የጎረቤት ሊሆን ስለሚችል ታካሚው ራሱ ቀርቦ ሳይረጋገጥ የበሽታው ስም አይነሳም፤ «ከጤና ጣቢያ ነው የምንደውለው፣ ለቀጠሮ ነው» ማለት ይበቃል።

የመጨረሻው የአሜሪካው ጥናት ነው። ጸሐፊው የጠቀሱት በ2011 እ.ኤ.አ. ከክሊቭላንድ የወጣውን ነው፤ ከ27 ሺህ በላይ የስኳር ሕሙማንን ያካተተ ነበር። ኮምፒውተር በሚጠቀሙ ክሊኒኮች ከታካሚዎቹ 50.9 በመቶ፣ ወረቀት በሚጠቀሙት 6.6 በመቶ የሚሆኑት የተመረጡትን የክትትል አገልግሎቶች ሁሉ አግኝተዋል። ቁጥሩን ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ገልብጠን እንዲህ እናገኛለን ማለት አንችልም፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እንስማማለን። ጥናቱ ክሊኒኮቹን በዕጣ የመደበ አልነበረም፤ ክሊኒኮቹም ውጤታቸውን ለሕዝብ ይፋ የሚያደርጉ ነበሩ። ሆኖም የተለኩት አገልግሎቶች የኤችቢኤዋንሲ ምርመራ፣ የኩላሊት ክትትል፣ የዓይን ምርመራና የሳንባ ምች ክትባት ነበሩ። ከአራቱ ሦስቱ ጊዜያቸውን ጠብቀው ሊደረጉ የሚገባቸው፣ በወረቀት ላይ በቀላሉ የሚረሱ ምርመራዎች ናቸው። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ለዓይን የተላከ የሞጣ ታካሚ መሄዱን፣ አለመሄዱን፣ ምን እንደተባለ ዛሬ ሞጣ ላይ ማን ያውቃል? እኛም ጋር የሚረሱት እነዚሁ ናቸው።

ጸሐፊው ሽፋናቸው ሳይነሳ የተቀመጡ ኮምፒውተሮችን አይተናል ማለታቸውም ትክክል ነው። ኮምፒውተሮቹ ቆመው የሚቀሩት በአብዛኛው የቀሪዎችን ዝርዝር የሚከታተል አንድ ኃላፊ ስላልተመደበ ነው። ሥራው የሚከብድ አይደለም። በላይ ባልነው ክሊኒክ ከተቀጠሩት 300 ሰዎች 15 በመቶው ቢቀር በወር 45፣ በሳምንት ወደ 10 ሰው ይሆናል። ለአንዱ 5 ደቂቃ ቢፈጅ አንድ ነርስ በሳምንት አንድ ሰዓት ያህል ያስፈልጋታል፤ የአየር ሰዓቱን ተቋሙ ይክፈል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በቀረ በሁለት ቀን ውስጥ ይደወልለት፤ ኢንሱሊን ያቋረጠ ሰው በቀናት ውስጥ አደገኛ ደረጃ ላይ ሊደርስ ይችላል። ኪኒን የሚወስደው በሳምንት ውስጥ ይደወልለት። በስልክ ያልተገኘው ስሙ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይተላለፍ፣ በወር ውስጥም መልስ ይምጣ፤ ተገኘ፣ ሌላ ቦታ ይታከማል፣ አካባቢ ለቋል ወይም አርፏል ተብሎ ይመዝገብ።

ለመጀመር 600ውን አሮጌ ካርድ ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ አያስፈልግም፤ ብዙ ቦታ ሥራው የሚሞተው እዚያ ላይ ነው። ታካሚው በሚቀጥለው ቀጠሮው ሲመጣ ስሙ፣ ስልኩ፣ መድኃኒቱና የዕለቱ ልኬት ብቻ ይግባ፤ በአሮጌው የክትትል መዝገብ ላይም ከስሙ ጎን ምልክት ይደረግ። ቀጠሮው በየሁለት ወሩ ከሆነ በሁለት ወር ውስጥ የሚመጣው ሁሉ ገብቶ ያልቃል። ያን ጊዜ በአሮጌው መዝገብ ላይ ምልክት የሌላቸው ስሞች የመጀመሪያው የጥሪ ዝርዝር ይሆናሉ፤ ጥሪው ኢንሱሊን ከሚወስዱት ይጀምር።